ከፒያሳ ወደ ባሕር ሥር፦ የዝግጅት ሳምንት ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018

ነገሩ የተጀመረው ሜክሲኮ አካባቢ ምሳ እየበላን ነው። ጓደኛዬ ሽሮዋን ሳትጨርስ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። ሰማያዊ ውሃ፣ አንዲት ኤሊ፣ ከኤሊዋ በላይ አረፋ እያስወጣ የሚንሳፈፍ ሰው።

«ጥር ላይ እንሂድ?»

«የት?»

«ዛንዚባር።»

«ኤሊ ለማየት?»

«ኤሊዋ ያለችበት ለመውረድ።»

ሳቅኩ። ከሰዓት ግን ቢሮ ቁጭ ብዬ ሥራው አልገፋ አለኝ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ሐይቅ ነው፤ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ጣና። ዋና ያስተማሩኝ ቢሾፍቱ ያደጉ የአክስቴ ልጆች ናቸው፤ ማስተማር ከተባለ፣ ገፍትረው ነው የከተቱኝ። ጓደኛዬ ደግሞ አንዴ ለሥራ ዱባይ ሄዳ ባሕሩን በሆቴል መስኮት አይታዋለች። ቡድኑ እንግዲህ ይኼ ነው።

ማታ ፒያሳ ቤቴ ገብቼ ባለ መስመር ወረቀት አወጣሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ያለ አይመስለኝም። ከላይ «ዛንዚባር» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሦስት ዓምድ፦ «ቀን»፣ «ዶላር»፣ «የሚያስፈራ ነገር»። ሦስተኛው ቀድሞ ሞላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ የትና መቼ የሚለውን ጨረስን። ዛንዚባር ዝም ብላ አላሸነፈችም።

ሲሸልስ የየትኛውንም አገር ዜጋ ቪዛ አትጠይቅም። በኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ሞልቶ መሄድ ነው። ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ለሆነ ሰው ይኼ እንደ ተረት ነው የሚሰማው። ልቤ ወደዚያ ሄደ። የማደሪያውን ዋጋ ሳይ ልቤ ተመልሶ መጣ። ጅቡቲ ደግሞ ቅርባችን ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ዌል ሻርክ ይገባል፤ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ፣ ሰው ግን የማይነካ። እኔ በዚህ ተፈተንኩ። ጓደኛዬ «እኔ ነጭ አሸዋና ኮኮናት ነው የምፈልገው» ብላ ዘጋችው።

ዛንዚባር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኡንጉጃን፣ ማለትም ዋናውን ደሴት ነው። ከሰሜን ፔምባ አለች፤ የባሕሩ ወለል እንደ ገደል ቁልቁል የሚወርድባት፣ የውሃውም ጉተታ ኃይለኛ የሆነባት። የለመደ ይሂድባት። ለእኛ ዓይነቱ የሚመከረው ምኔምባ ነው፤ ከኡንጉጃ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ማዶ ያለች፣ ዙሪያዋን ኮራል የከበባት ሚጢጢ ደሴት። ኤሊዎቹም እዚያው ናቸው።

ወቅቱን የሚቆጥሩት በነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ገደማ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ የሚመጣው ኩሲ ነው። የድሮ የዓረብ ነጋዴዎች ጀልባቸውን በካስካዚ ወደ ታች አስነድተው በኩሲ ይመለሱ ነበር። በሁለቱ መሐል፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ዋናው ዝናብ አለ፤ ያኔ መሄድ ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው፣ ያውም የደፈረሰ ውሃ ውስጥ። ዓሣ ነባሪ ማየት የፈለገ በሐምሌና በነሐሴ ይሄዳል። እኛ ፈቃድ የምናገኘው በጥር ነው፤ ጥር ደግሞ ካስካዚ ነው፣ ባሕሩም ሞቃት።

ሁለት ነገር ደግሞ ከዚህ ከእኛ በኩል ነበር። ጥምቀትን ጃንሜዳ ሳላከብር የትም አልሄድም። ረመዳን ደግሞ ዘንድሮ የካቲት ላይ ነው የሚገባው። የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ በጾም ወር ብዙው ምግብ ቤት ቀን ቀን አይከፈትም። ጾም እንዴት እንደሆነ እናውቃለን፤ በጾመ ሰው ፊት ማላመጥ ደስ አይልም።

ጥር 14 ሐሙስ መሄድ፣ ጥር 22 ዓርብ መመለስ። በእርሳስ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ስለ ባንኩ ብዙ አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዶላር እንደ ድሮው በልመና አይደለም ይባላል። እውነት ነው፣ በልመና አይደለም። በፎቶ ኮፒ ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ቲኬት፣ ደግሞ የነዚህ ሁሉ ኮፒ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አየችኝና «ቪዛው ሲመጣ ነይ» አለችኝ። የቪዛው ማመልከቻ በኦንላይን ስለሆነ ማታ ሞላነው። ሦስት ጊዜ ፎቶዬን አልቀበልም አለ። አራተኛው ላይ ሳልስቅ ስነሳ ገባ።

ከዚህ ይልቅ ቀኑን የያዘው ቢጫ ወባ ነው። ዛንዚባር ያለችባት ታንዛኒያ በሽታው ይገኝባቸዋል ከሚባሉ አገሮች የሚመጣ መንገደኛን የክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ እኛ ከዝርዝሩ ውስጥ አለን። ካርዱ የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይኼን ሳያውቅ በመጨረሻው ሳምንት ይሮጣል። አንዴ ከተወጉ ግን ለዕድሜ ልክ ነው፤ በ10 ዓመት ይታደስ የነበረው ከ2016 እንደ ፈረንጆቹ ወዲህ ቀርቷል። ምሳ ሰዓት ላይ ሄደን ተወጋን። ጓደኛዬ ጨርቁን ክንዷ ላይ ይዛ ለተሰለፈው ሁሉ ስለ ኤሊዋ ስታወራ ነበር።

ሌላ የ44 ዶላር ወጪ ተገኘ። ዛንዚባር ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የራሷን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች። ሌላ ቢኖርሽም ይኼኛው አይቀርም። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዳይቪንግን አይሸፍንም፤ ለዚያ ለጠላቂዎች የተዘጋጀ ለብቻው አለ። «ዶላር» የሚለው ዓምድ ሁለተኛ ገጽ ጠየቀ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የዳይቪንግ ትምህርት ቤቱ የጤና ቅጽ ላከልን። ለመቅመስ ብቻ የሚፈልግ ሰው ከአስተማሪ ጋር እስከ 12 ሜትር መውረድ ይችላል። እኛ ሙሉውን ልንወስድ ወስነናል፤ ኦፕን ዋተር የሚባለውን። ሦስት ወይም አራት ቀን ነው፤ ንባብ፣ ገንዳ፣ ከዚያ ባሕር ላይ አራት ጥልቀት፣ ማለትም አራት ጊዜ ጠልቆ መውጣት። ሲያልቅ እስከ 18 ሜትር የሚያስወርድ ካርድ ይሰጣል።

ቅጹ አስም፣ ልብ፣ ሳንባ፣ ጆሮ እያለ ይጠይቃል። አንዱ ላይ «አዎ» ካልሽ ሐኪም መፈረም አለበት። ሳይነስ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነስ የሌለበት ሰው አለ እንዴ? ልጅ ሆኜ ደግሞ ጆሮዬን ታምሜ ነበር። «አዎ» አልኩና አንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ዶክተሩ ትልቅ ሰው ናቸው። መብራታቸውን ጆሮዬ ውስጥ አስገብተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የጠየቁኝ ነገር ያልጠበቅኩት ነው።

«ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ጆሮሽ እንዴት ነው?»

«ይደፈናል፣ ዶክተር።»

«ከዚያስ?»

«ምራቄን ስውጥ ይከፈታል።»

«ጥሩ። ባሕርም ያው ነው። ብቻ እዚያ ይፈጥናል።»

ምን ያህል እንደሚፈጥን ማታ አሰላሁት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያ ሁሉ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። በመኪና ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ ረዳቱ ማስቲካ ያድላል። ያ ሁሉ የአየር ግፊት ለውጥ ባሕር ውስጥ የአንድ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ማለት ጭንቅላቴ ከውሃው ሥር እንደገባ፣ ገና ምንም ሳላይ፣ ዓባይ በረሃን ወርጄዋለሁ። አሥር ሜትር ላይ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው አፍንጫ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጆሮ መንፋት የሚባለው፤ ሳያም በፊት፣ በየሜትሩ። ካመመ በኋላ መንፋት አይሆንም፤ ትንሽ ከፍ ማለት ነው።

ዶክተሩ ሲፈርሙ አንድ ነገር ጨመሩ። የወባ መከላከያ ስንገዛ ሜፍሎኪን እንዳይሆን። ያዞራል፣ ያቃዣል፤ ሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲዞርበት ደግሞ ከመድኃኒቱ ይሁን ከጥልቀቱ መለየት ይቸግራል። ጉንፋን ከያዘሽም አትግቢ አሉኝ። «ገንዘቤን ከፍዬ?» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው አዩኝና ዝም አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ ነው፤ ጠዋት ስነሳ ሰፈሩ ጢስ ብቻ ነበር። በ1911 የኅዳር በሽታ ከተማዋን ከፈጀ ወዲህ ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማጨስ ቀርቶ አያውቅም። ሳንባዬ ደህና ነው ብዬ በፈረምኩ ማግስት እየሳልኩ ወጣሁ።

በሩ ላይ ጋሼ ተቀምጠዋል። ጋሼ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ፤ ምን እንደሠሩ በደንብ አይናገሩም፣ ምን እንደበሉ ግን በዝርዝር ይናገራሉ። የምንሄድበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ዳህላክን ያየ ሰው ዛንዚባር ምን ሊሠራ!» አሉ።

ዳህላክ ዛሬ የኤርትራ ነው፤ ለአሁኑ ከወረቀቴ ውጭ ነው። ክርክር አልገጠምኳቸውም። ይልቅ ስለ ውሃ ሥር ጠየቅኳቸው። ማስኩ፣ የጠላቂው መነጽር፣ ጉም እንዳይለብስ ምራቅ ተፍተሽ አሽተሽ አለቅልቂው አሉ። ፈረንጆቹም የሚያስተምሩት ይኼንኑ ነው፤ እስካሁን የተሻለ አልተገኘም። ከዚያ ያሉኝ ነገር ሌላውን ሁሉ አስረሳኝ።

«ትንፋሽሽን እንዳትይዢ። እላይ ስትወጪ ብትሰንፊም፣ ብትፈሪም፣ ተንፍሺ።»

ልክ ናቸው። ጀማሪ ውሃ ውስጥ ሲገባ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቢሾፍቱም የተማርኩት እንዲያ ነው። ታንክ ይዞ ግን ክልክሉ እሱ ነው። አሥር ሜትር ላይ የሞላሽው ሳንባ ወደ ላይ ስትወጪ እጥፍ መሆን ይፈልጋል። መውጫ ካላገኘ ይጎዳል። በነገራችን ላይ እዚህ ሁሉም ሰው «የኦክስጅን ሲሊንደር» ይለዋል። ኦክስጅን አይደለም፤ ይኼው የምንተነፍሰው አየር ነው፣ ተጣርቶ የታመቀ። ባለ 12 ሊትሩ ታንክ በ200 ባር ግፊት ሲሞላ 2,400 ሊትር ገደማ ይይዛል። ዛሬ ጠዋት ከፒያሳ ቢሞላ ግን ጢስ ጢስ ይላል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የዋና ፈተና አለ። 200 ሜትር ያለማቋረጥ መዋኘት፣ ሰዓት አይያዝም። ከዚያ 10 ደቂቃ ምንም ሳይዙ መንሳፈፍ። እዚህ ሞክረን ካቃተን ቲኬት ባንቆርጥ ይሻላል ተባባልን።

መጀመሪያ የሄድንበት ገንዳ፣ ስሙን ልተወው፣ በስልክ «ክፍት ነው» ተብለን ስንደርስ ውሃው ተቀድቶ አልቋል። ጥበቃው «ገንዳው ግን ክፍት ነው» አለን። ከዚያ ወጣ ብለን ሂልተን ገባን፤ የዛሬን ብቻ ብለን የመግቢያውን ዋጋ ዓይናችንን ጨፍነን ከፈልን።

የሂልተን ገንዳ ቅርጹ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ የተከተለ መስቀል ነው። ውሃው ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ ነው፤ እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸውና ከተማዋን ያስቆረቆረው ያው የፍልውሃ ውሃ። ለመዘፍዘፍ ግሩም ነው። 200 ሜትር ለመቁጠር ግን ከመስቀል የባሰ ቅርጽ የለም። ከክንድ ወደ ክንድ ስሄድ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ሕፃናት መሐሌ ገቡ፣ አንዲት እናት «ይቅርታ እህቴ» እያሉ ልጃቸውን ከፊቴ አነሱ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ያም ሆኖ ጨረስኩ። ጓደኛዬ መንሳፈፉን ተኝታ ነው ያለፈችው።

ወጥተን ሻይ ስንጠጣ «ዛንዚባር ይቀለናል፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ነው» አለች። ለቀልድ ነው ያለችው። አዲስ አበባ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ሌሊቱን ስለዚህ አሰብኩ፤ ማሰቡ ባይቀር ጥሩ ሆነ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እቅዱ ዛሬ ፈረሰ። ያፈረሰው የራሴ ከተማ ነው።

ጠላቂ ሰው ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ ወዲያው አይበርም። ውሃው ሥር በግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሽ ይወጣለታል፤ ለዚህ ነው አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ የሚቆሙት። ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ነው፣ አረፋ። ስለዚህ መመሪያው ለአንድ ጥልቀት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ወይም ለብዙ ቀን ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቀህ ብረር ይላል። እኛ ሐሙስ ጠዋት ጠልቀን ዓርብ ከሰዓት እንበራለን ብለን ነበር። ከ24 ሰዓት በላይ ነው። ደህና ነን።

ከዚያ ምክንያቱን አነበብኩ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እንደ ባሕር ወለል አይደለም፤ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። መመሪያውም የተሠራው እስከዚያ ላለው ከፍታ ነው።

2,400። ይኼን ቁጥር አውቀዋለሁ። የቦሌ አየር ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ ፒያሳ ደግሞ ከቦሌ ከፍ ትላለች። የዳሬሰላም ሰው ሲያርፍ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። እኛ ግን ስናርፍም እንደበረርን ነን። አውሮፕላኑ በሩን ይከፍታል እንጂ አየሩ አይለወጥም።

ጓደኛዬ አላመነችም። የሃይላንድ ነገር ነገርኳት። ባዶ ሃይላንድ እዚህ ጥርቅም አድርገሽ ከድነሽ አዋሽ ብትወርጂ፣ እዚያ ስትደርሺ ጎኑ ተጨማድዶ ታገኚዋለሽ። ከውጭ የሚመጣ ሎሽን ደግሞ እዚህ ስትከፍቺው ይተፋል። «እኛ ሎሽኑ ነን» አልኳት። ያኔ ገባት።

እስከዚህ ድረስ ግን 24 ሰዓቱ ይበቃን ነበር። ያልበቃው እናቴ ዘንድ ስሄድ ነው። እማዬ ሽሮ ሜዳ ናት። ቡና አቅርባ ዜናውን በጸጥታ ሰማችኝ። ሲኒውን አስቀመጠች።

«ምን ጎድሎብሽ ነው ባሕር ሥር የምትገቢው?»

«ምንም፣ እማዬ። ለማየት ነው።»

«ቲቪ ላይ የለም?»

ከዚያ ተስላለች። በደህና ከተመለስኩ፣ በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ ማርያም አብረን ወጥተን ልንሳለም። ስለትን አይቀበሉም አይባልም። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው! አውሮፕላኑ እንኳ ወደዚያ ግፊት አይወርድም። ሰዓቱ ሁሉ የተቆጠረው ለአውሮፕላን ነው፤ ለእንጦጦ የቆጠረ የለም። ይኼን ለእማዬ በሃይላንድም በሎሽንም ማስረዳት አልቻልኩም። «ማርያም ዘንድ በመውጣት ሰው ታመመ ሲባል ሰምቼ አላውቅም» አለች፣ አለቀ።

ወረቀቱን አውጥቼ ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቀኖቹን በጣቷ ተከተለች። ጥር 21 ላይ ቆመች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ። የመጨረሻው ጥልቀት።»

«አስተርዮ ማርያም ነው! በአስተርዮ ማርያም ባሕር ውስጥ?»

አላስተዋልኩትም ነበር። ላጲስ አነሳሁ። የመጨረሻው ጥልቀት ረቡዕ፣ ጥር 20፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ሳይሞላ። ሐሙስ ውሃ የለም፤ የዛንዚባርን አሮጌ ከተማ ስቶን ታውንን በእግር ማየት፣ በሮቿን፣ ጠባብ መንገዶቿን፣ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ። ዓርብ ከሰዓት በረራ። ከረቡዕ ቀትር እስከ ዓርብ 50 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ስንወጣ ሦስት ቀን ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለቱም አልተነካ።

ለጓደኛዬ ደወልኩላት። አንድ ጥልቀት መቅረቱ አናደዳት። «በማን ትእዛዝ?» አለች። «በእማዬ» አልኳት። ዝም አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ምሳ ላይ በያይነቱ እየበላን መጨረሻውን ገጽ ዘጋን። ጥር 15 እረፍትና ንባብ፣ ከ16 እስከ 18 ኮርሱ፣ 19 እና 20 ምኔምባ። ማስክ እዚያው እንከራያለን፤ እኔ ግን ሩቅ ስለማላይ ባለ ቁጥር መስታወት እንዲያስቀምጡልኝ የዓይኔን ቁጥር ላክሁ። ያለ መነጽር ከወረድኩ ኤሊዋ ድንጋይ ትሆንብኛለች። ጓንት አያስፈልግም ብለው መለሱ፤ ጓንት ያደረገ ሰው ኮራል ይነካል፣ ኮራል ደግሞ ሲነኩት ሊሞት የሚችል ሕይወት ያለው ነገር ነው።

ከሰዓት ቅድሚያ ክፍያው ገባ፣ ቦታችን ተያዘ። በእርሳስ የነበረውን በእስክሪብቶ ደገምኩት።

ማታ እማዬ ደወለች። ጎረቤት ነግሯት ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«እዚያ ባሕር ዓሣ ነባሪ አለ አሉኝ። ዮናስን የዋጠው ዓይነት።»

«አለ፣ እማዬ። ግን በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚመጣው። በጥር የለም።»

ትንሽ ቆየች።

«ታዲያ ምን ልታዪ ነው የምትሄጂው?»